ሰማያዊ ቀለም፣ ቀይ ብርሃን፦ የወተት ጥርስን ሥር በብርሃን የማጽዳት ዝርዝር መመሪያ

የወተት ጥርስ ሥር ሲታከም የሚያስቸግረው የሚታየው የነርቭ ቦይ አይደለም። የማይታየው ነው። ፋይል (ቀጭኑ መፋቂያ ብረት) ገብቶ የሚፍቀው ዋናውን ቦይ ብቻ ነው። ከዋናው ቦይ ጎን ግን ቀጫጭን ቅርንጫፎች አሉ። ግድግዳው ላይ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቱቦዎች አሉ። ባክቴሪያ እዚያ ይደበቃል። ወላጅ «ታክሞ ነበር እኮ፣ ለምን ድጋሚ አበጠ?» ብሎ ሲመጣ መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው።

በብርሃን ማጽዳት የታሰበው ለዚህ ለተደበቀው ነው። የምጽፈው በዋናነት ለጥርስ ሐኪሞችና ለተማሪዎች ነው። ልጃቸው ይህ ሕክምና የታዘዘለት ወላጆችም ቢያነቡት ወንበሩ ላይ ምን እንደሚደረግ ይገባቸዋል። ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። ብርሃኑ የሚገድለው ቀለሙ የተጣበቀበትን ባክቴሪያ ነው። ቀለሙ ደግሞ የሚደርሰው መንገድ የተከፈተለት ቦታ ብቻ ነው። መንገዱን የሚከፍተው የእናንተ እጅ እንጂ መሣሪያው አይደለም።

ነገሩ እንዴት ይሠራል?

ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ ቀለም፣ ብርሃን፣ ኦክስጅን። አንዱ ከጎደለ ምንም አይሆንም። ቀለሙ ለብቻው ባክቴሪያን ብዙም አይጎዳም። ደካማው ብርሃንም ለብቻው እንዲሁ። ሲገናኙ ግን ቀለሙ የብርሃኑን ኃይል ይቀበልና አጠገቡ ላለው ኦክስጅን ያስተላልፋል። ያ ኦክስጅን «ሲንግሌት ኦክስጅን» ወደሚባለው ቁጡ መልኩ ይቀየራል። የባክቴሪያውን ሽፋን፣ ፕሮቲንና ዲኤንኤ ያቃጥላል።

ይህ ቁጡ ኦክስጅን ዕድሜው እጅግ አጭር ነው። ከተፈጠረበት ቦታ ራቅ ብሎ መሄድ አይችልም። የሚጓዘው ርቀት ከአንድ ባክቴሪያ ውፍረት ያነሰ ነው። ስለዚህ ቀለሙ ባክቴሪያው ላይ ካልተለጠፈ ብርሃኑን ብታበሩት ባታበሩት ለውጥ የለውም። ቀለሙን ጨምሮ መጠበቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1900 ሙኒክ ውስጥ ኦስካር ራብ የተባለ ተማሪ በአክሪዲን ቀለም የተነከሩ ጥቃቅን ፍጥረታት ብርሃን ሲያገኙ እንደሚሞቱ፣ ጨለማ ውስጥ ግን እንደሚተርፉ አየ። መምህሩ ሄርማን ፎን ታፓይነር ነገሩን አጠናና ኦክስጅን የግድ እንደሚያስፈልግ አሳየ። ዛሬ በብዛት የምንጠቀምበት ሜቲሊን ብሉም ከዚያ በፊት፣ በ1876 ነው የተሠራው። መጀመሪያ የታሰበው ለጨርቅ ማቅለሚያ ነበር።

ለምን ለወተት ጥርስ?

የወተት መንጋጋን ራጅ ላይ ያየ ሰው ያውቀዋል። ሥሮቹ ቀጭን ናቸው። ወደ ውጭ የተንጋደዱ ናቸው። በመሃላቸው የቋሚው ጥርስ ቡቃያ ተቀምጧል። ቦዮቹ ክብ ሳይሆኑ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ ናቸው። ሥሮቹ ከሚለያዩበት ቦታ ወደ አጥንቱ የሚሾልኩ ትናንሽ ቀዳዳዎችም አሉ። የወተት መንጋጋ ኢንፌክሽን ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ጫፍ ይልቅ በሥሮቹ መሃል ጥቁር ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ ሥሩ በተፈጥሮው እየሟሟ የሚሄድ ነው። ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ እንደ አዋቂ ጥርስ አጥብቀን መፋቅ አንችልም። ጫፉ የተከፈተ ሊሆን ስለሚችል ጠንካራ ኬሚካል በኃይል መርጨትም አንችልም። በፋይሉም በኬሚካሉም እጃችን ታስሯል። ብርሃኑ በዚህ ክፍተት ነው የሚገባው። ግድግዳ አይፍቅም። በትክክለኛው ጉልበት ከሠራ አያግልም።

ሆኖም እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። በልጆች ጥርስ ላይ ያለው ማስረጃ በአብዛኛው ከላቦራቶሪና ከትናንሽ ጥናቶች የመጣ ነው። ዘዴው ተጨማሪ ነው እንጂ የፋይልና የማጠቢያ ምትክ አይደለም። «ሌዘር ስላለን ሃይፖክሎራይት (የቦይ ማጠቢያው) አያስፈልገንም» የሚል ሰው ከሰማችሁ አትከተሉት።

የትኛው ጥርስ፣ የትኛው ልጅ?

መጀመሪያ ጥርሱ በእርግጥ ሙሉ የሥር ሕክምና ይፈልግ እንደሆነ እዩ። የላይኛው ነርቭ ሲነሳ ከሥሮቹ አፍ የሚወጣው ደም በጥጥ ተጭኖ በጥቂት ደቂቃ የሚቆም ከሆነ፣ የሥሩ ነርቭ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። እዚያ ቀለምም ሌዘርም አያስፈልግም። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ድዱ ላይ ብጉር መስሎ መግል የሚያወጣ ቀዳዳ፣ ሲከፈት ደርቆ ወይም ሸትቶ የሚገኝ ነርቭ ካለ ግን መንገዳችን ይህ ነው።

ከሥሩ ሲሶ በላይ የሟሟ፣ የውስጠኛው ክፍል ወለል የተበሳ፣ ክራውን (የጥርስ ሽፋን ቆብ) የሚይዝ አካል ያልቀረው፣ እጅግ የሚነቃነቅ ጥርስ ቢነቀል ይሻላል። ብርሃን ያለቀለትን ጥርስ አያድንም።

ልጁንም ጠይቁ፤ ማለትም ወላጁን። ለቀለሙ አለርጂ አለው? ብርሃን ቆዳውን የሚያስቆጣ በሽታ አለበት? የጂ6ፒዲ (ቀይ የደም ሴሎችን የሚጠብቅ ኢንዛይም) እጥረት እንዳለበት ተነግሯችሁ ያውቃል? ሜቲሊን ብሉ ወደ ደም ሲገባ እነዚህ ልጆች ላይ ቀይ የደም ሴሎችን ሊያፈርስ ይችላል። ለድብርት ወይም ለጭንቀት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም ከዚህ ቀለም ጋር አይስማሙም። ቦይ ውስጥ የሚገባው መጠን በጣም ትንሽ መሆኑ እውነት ነው። እኔ ግን እንዲህ ዓይነት ልጅ ሲመጣ በቀለም አልሞክርም፤ በተለመደው ማጠቢያ እጨርሳለሁ።

ዕቃ ስታዘጋጁ

ዋናው ነገር የቀለሙና የብርሃኑ ጋብቻ ነው። እያንዳንዱ ቀለም የሚቀበለው የራሱ ብርሃን አለው። ሜቲሊን ብሉ 660 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ቀይ ብርሃን ይፈልጋል። ቶሉዲን ብሉ 630 አካባቢ ነው። ከእርድ የሚገኘው ኩርኩሚን ሰማያዊ ብርሃን ነው የሚቀበለው። ኢንዶሳያኒን ግሪን ደግሞ ዓይን የማያየውን 810 አካባቢ ያለ ብርሃን ይወዳል። ስለዚህ ለሙሌት ማጠንከሪያ የምትጠቀሙበትን ሰማያዊ መብራት አንስታችሁ ሜቲሊን ብሉ ላይ ብታበሩ የምታባክኑት ጊዜ ነው። ይህን ስህተት ሲሠራ አይቻለሁ። መብራቱ ይበራል፣ ሁሉም ነገር የተሠራ ይመስላል፣ ባክቴሪያው ግን እንዳለ ነው።

ከዚህ በኋላ የምገልጸው ሜቲሊን ብሉን ከ660 ናኖሜትር ዳዮድ ሌዘር ጋር ነው። ጉልበቱ 100 ሚሊዋት የሆነ መሣሪያ የተለመደ ነው። የቀለሙ መጠን ብዙ ጊዜ 0.005 ወይም 0.01 በመቶ ነው። ለሕክምና ተብሎ የተዘጋጀውን ብቻ ግዙ። ለማይክሮስኮፕ የተሠራው የላቦራቶሪ ቀለም ሌላ ቆሻሻ ሊኖርበት ስለሚችል ልጅ አፍ ውስጥ አይገባም። ጠርሙሱን ከብርሃን አርቁ።

መነጽርን አስመልክቶ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ይህ ሌዘር ዓይን ይጎዳል። ለሙሌት መብራት የምንጠቀምበት ብርቱካናማ መከላከያ ሰማያዊን ነው የሚያግደው፤ ቀዩን ያሳልፈዋል። 660 ናኖሜትርን ለማገድ የተሠራ መነጽር ያስፈልጋል። ሐኪሙ፣ ረዳቱ፣ ልጁና ክፍሉ ውስጥ ያለው ወላጅ ሁሉም ያድርጉ። የልጅ መጠን ያለው መነጽር ከሌላችሁ ሌዘሩን አታብሩ።

ሥራው፦ ከማደንዘዣ እስከ ደረቅ ቦይ

ራጅ አንሱ። አደንዝዙ። ራበር ዳም (ጥርሱን ከአፍ የሚለይ ስስ ጎማ) አድርጉ። ያለ ራበር ዳም ይህ ሥራ መጀመር የለበትም። ምራቅ ከገባ ባክቴሪያም አብሮ ይገባል፤ ቀለሙም ወጥቶ ምላስና ከንፈር ያቀልማል።

የተበላሸውን ሁሉ አንሱና የጥርሱን ውስጠኛ ክፍል ክፈቱ። ርዝመት ስትለኩ ራጅ ላይ ከሚታየው ጫፍ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር አሳጥሩ። የወተት ሥር ብዙ ጊዜ የሚሟሟው ወደ ቡቃያው በሚያየው ጎን፣ በሰያፍ ነው። ራጁ ላይ ሥሩ ረጅም ሊመስል ይችላል፤ እውነተኛው ቀዳዳ ግን ከፍ ብሎ ጎኑ ላይ ነው። አፔክስ ሎኬተር (የሥሩን ጫፍ የሚያገኝ መለኪያ) ካላችሁ ከራጁ ጋር አመሳክሩ።

ፋይል ስታደርጉ ዓላማው ማስፋት ሳይሆን ማውጣት ነው። የሞተውን ነርቭ አውጡ። ለመንጋጋ እስከ 30 ቁጥር ብዙ ጊዜ ይበቃል። 30 ቁጥር ፋይል ጫፉ 0.30 ሚሊሜትር ነው። ፋይበራችሁ (ብርሃኑን ወደ ቦዩ የሚያስገባው ቀጭን ዘንግ) 0.20 ሚሊሜትር ከሆነ ሳይታገል ይገባል።

ማጠቢያው 1 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይሁን። መርፌው በጎን የሚከፈት፣ ከለካችሁት ርዝመት 2 ሚሊሜትር ያጠረ ይሁን። ቦዩን እስኪዘጋ አታስገቡት፤ በዝግታ ግፉ። ከፋይሉ በኋላ ግድግዳው ላይ ጭቃ የመሰለ ሽፋን ይቀራል። የቱቦዎቹን አፍ የሚደፍነው እሱ ነው። ካልተነሳ ቀለሙ ላይ ላዩን ተቀብቶ ይቀራል። 6 በመቶ ሲትሪክ አሲድ ወይም 17 በመቶ ኢዲቲኤ ለአጭር ጊዜ ብታስገቡ ያነሳዋል። ክሎርሄክሲዲን (ሌላ ጀርም ገዳይ ማጠቢያ) የምትጠቀሙ ከሆነ ከሃይፖክሎራይት ጋር እንዳይገናኝ በመሃል በሳላይን (በጨው ውሃ) እጠቡ፤ ሲገናኙ ቡናማ ዝቃጭ ይፈጥራሉ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር መጣ። ቀለሙ ከመግባቱ በፊት ሃይፖክሎራይቱ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። ሃይፖክሎራይት በረኪና ነው። ሰማያዊ ሸሚዝ ላይ በረኪና ሲንጠባጠብ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ቦዩ ውስጥም ያው ነው። ሜቲሊን ብሉው ይነጣል፤ የነጣ ቀለም ብርሃን አይቀበልም። እያንዳንዱን ቦይ በብዙ ሳላይን እጠቡ። ከዚያ በፔፐር ፖይንት (በቀጭን የወረቀት መምጠጫ) አድርቁ።

ደምም ጠላት ነው። ቀለሙን ይይዘዋል፣ ብርሃኑንም ይውጠዋል። ቦዩ አሁንም የሚደማ ከሆነ ውስጥ የቀረ ነርቭ አለ ወይም ከጫፉ አልፋችኋል። ተመልሳችሁ አስተካክሉ። መግሉ አልቆም ካለም አትታገሉ። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ አስገብታችሁ በጊዜያዊ ሙሌት ዝጉትና ለሌላ ቀን ቅጠሩት።

ቀለሙን ማስገባት

በቀጭን መርፌ ከታች ወደ ላይ እየሞላችሁ ውጡ። አየር እንዳይታሰር ቀስ በሉ። ከሥሩ ጫፍ እንዳይወጣ 2 ሚሊሜትር ማሳጠራችሁን አትርሱ። የቦዩ አፍ ላይ ሰማያዊው ሲታይ በቂ ነው። ክፍሉ ወለል ላይም ትንሽ ይድረስ። ቅድም ያልናቸው ወደ ሥሮቹ መሃል የሚሾልኩ ቀዳዳዎች እዚያ ናቸው።

ከዚያ ጠብቁ። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ። ቀለሙ አዎንታዊ ሙላት አለው፤ የባክቴሪያው ግድግዳ ደግሞ አሉታዊ ነው። ይሳሳባሉ፣ ይጣበቃሉ። በመሃል ቀጭን ፋይል ወይም ፔፐር ፖይንት አስገብታችሁ በእርጋታ ብታነቃንቁት በባዮፊልሙ (ባክቴሪያው ተደራርቦ በሠራው ሽፋን) ውስጥ ይበልጥ ይሰርጋል።

ይህ የመጠበቂያ ጊዜ ለልጁ ረጅም ነው። እኔ መነጽሩን የማስተዋውቀው እዚህ ጋ ነው። ቀደም ብዬ በእጁ ሰጥቼው ተጫውቶበት ይሆናል፤ አሁን ያደርገዋል። «ጥርስህ ሰማያዊ ጭማቂ ጠጥቷል፤ አሁን ቀይ መብራት እናሳየዋለን» እለዋለሁ። አንዲት የ5 ዓመት ልጅ «ጥርሴ ይተኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ፣ እስኪተኛ አብረን እንቁጠር» አልኳት። እስከ መቶ ቆጠርን፣ ደገምን። ለልጅ የምትነግሩት ነገር እውነት የሆነውን ያህል ቀላል ይሁን። «ምንም አይሰማህም» ከማለታችሁ በፊት ማደንዘዣው መያዙን አረጋግጡ።

ብርሃኑን ከማብራታችሁ በፊት አንድ ንጹሕ ፔፐር ፖይንት አስገቡና አውጡ። ደምቆ ሰማያዊ ሆኖ ከወጣ ጥሩ። ገርጥቶ ወይም ነጥቶ ከወጣ ሃይፖክሎራይት ቀርቷል ማለት ነው። እጠቡና ቀለሙን ድገሙት። ይህች ትንሽ ፍተሻ ሰኮንዶች ናት የምትወስደው። እኔ ሳላያት ሌዘር አላበራም።

በዚያው ፔፐር ፖይንት የተትረፈረፈውን ቀለም ምጠጡ። ብዙ ቀለም የተሻለ ይመስላል፤ አይደለም። ቦዩ በወፍራም ሰማያዊ ከተሞላ ብርሃኑ ላይ ላዩን ይዋጣል፤ ግድግዳው ጋ አይደርስም። የምንፈልገው የተነከረ ግድግዳ ነው፣ የሞላ ኩሬ አይደለም። አጥባችሁ አታስወጡት፤ ትርፉን ብቻ ምጠጡ።

ብርሃኑን ማብራት

ሁሉም መነጽር አድርጓል? የመስታወት መሣሪያ ወይም የሚያንጸባርቅ ብረት ብርሃኑ መንገድ ላይ አለ? ካለ አንሱ።

ፋይበሩን በጎማ ምልክት ለክታችሁ ከሥራ ርዝመቱ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር አሳጥራችሁ አስገቡ። ሲጋጭ አትግፉ፤ ቀጭን ፋይበር በተጠማዘዘ ቦይ ውስጥ ይሰበራል። አብሩ። ከታች ወደ ላይ እያሽከረከራችሁ፣ እንደገና ወደ ታች እየመለሳችሁ፣ ሳታቆሙ አንቀሳቅሱ። አንድ ቦታ ላይ ከቆማችሁ ሌላው ጨለማ ይሆናል።

ስንት ጊዜ? ሒሳቡ ቀላል ነው። ዋትን በሰኮንድ ስታባዙ ጁል ይወጣል። 100 ሚሊዋት 0.1 ዋት ነው። ለ40 ሰኮንድ ካበራችሁ 4 ጁል፣ ለ90 ሰኮንድ 9 ጁል ነው። ጥናቶች በዚህ ላይ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ መሣሪያዎቹም ይለያያሉ። የመሣሪያችሁን መመሪያ ተከተሉ፤ ያደረጋችሁትንም በካርዱ ላይ ጻፉ፦ የሞገድ ርዝመት፣ ጉልበት፣ ሰኮንድ፣ የቀለም መጠን። እያንዳንዱን ቦይ ለየብቻ አብሩ። የወተት መንጋጋ ሦስት ቦይ ካለው ሦስት ጊዜ ነው፤ አንዱ ለሌላው አያበራም። በመጨረሻ የክፍሉ ወለል ላይ ከላይ አብሩ።

ፋይበር የሌለው፣ ጫፉ ወፍራም የሆነ መሣሪያ ካላችሁ በቦዩ አፍ ላይ አስጠግታችሁ ታበራላችሁ። ይሠራል፤ ግን ወደ ታች በሄደ ቁጥር ብርሃኑ ይደክማል። ይህን አውቃችሁ ተጠቀሙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ሥራ በሙቀት ከሚገድሉት፣ በዋት ከሚለኩት ጠንካራ ሌዘሮች ጋር አይምታታ። እነዚያ ሥሩን ያግላሉ። የወተት ሥር ቀጭን ነው፣ ቡቃያው ቅርብ ነው። የመሣሪያውን ቅንብር ሳታዩ አታብሩ።

ቀለሙን ማውጣትና መሙላት

ቅድም ያስቸገረን ሃይፖክሎራይት አሁን ያግዘናል። ብርሃኑ ሥራውን ጨርሷል፤ አሁን ቀለሙን ያንጣልን። በሃይፖክሎራይት እጠቡ፣ ከዚያ በሳላይን፣ ከዚያ አድርቁ። በተለይ የፊት ጥርስ ላይ ይህን አትለፉት። የቀረ ሰማያዊ በቀጭኑ የወተት ጥርስ ውስጥ ጥላ ሆኖ ይታያል፤ ወላጅም ወዲያው ያየዋል።

ሙሌቱ ከሥሩ ጋር አብሮ የሚሟሟ መሆን አለበት። ዚንክ ኦክሳይድ ዩጂኖል ወይም ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ከአዮዶፎርም ጋር የተቀላቀለበት ፔስት ይሆናል። ጉታ ፐርቻ (የአዋቂ ጥርስ ሥር የሚሞላበት ጎማ መሰል ነገር) አይሟሟም፤ ተከታይ ቋሚ ጥርስ ላለው የወተት ጥርስ አይሆንም። ከሞላችሁ በኋላ ራጅ አንሱ።

መንጋጋውን በብረት ክራውን ሸፍኑ፤ ከተቻለ በዚያው ቀን። ያን ሁሉ ደክማችሁ ያጸዳችሁት ቦይ በሚያፈስ ሙሌት ስር በሳምንታት ውስጥ ዳግም ይበከላል።

ከዚያ በኋላ

ለወላጁ እንዲህ በሉ፦ ማደንዘዣው እስኪለቅ ከንፈሩን እንዳይነክስ ተጠባበቁ። ትንሽ መጠዝጠዝ ለአንድ ሁለት ቀን ሊኖር ይችላል። ፊቱ ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም መዋጥ ካስቸገረው ቀጠሮ ሳትጠብቁ አምጡት።

ድዱ ላይ የነበረው መግል የሚያወጣ ቀዳዳ በጥቂት ሳምንታት መዘጋት አለበት። ካልተዘጋ ብርሃኑን ለመድገም አትቸኩሉ። መጀመሪያ የረሳችሁት ቦይ፣ የተሰነጠቀ ወለል ወይም የሚያፈስ ክራውን እንዳለ ፈልጉ። በ6 ወር ራጅ አንሱ። በሥሮቹ መሃል የነበረው ጥቁረት ቢያንስ ያልሰፋ፣ ቢቻል እየሞላ መሆን አለበት። እየሰፋ ከሆነ ወይም ወደ ቡቃያው ከተጠጋ ጥርሱን ንቀሉና የቦታ መያዣ ሥሩለት። በተለይ 6 ዓመት አካባቢ የሚወጣው ቋሚ መንጋጋ ገና ከሆነ ወይም እየወጣ ከሆነ፣ መያዣ ከሌለ ወደ ፊት ተንሸራትቶ ቦታውን ይይዛል።

ሁሉ ደህና ከሆነም የተከታዩ ጥርስ መውጫ ጊዜ ሲቃረብ እንደገና እዩት። ዚንክ ኦክሳይድ ዩጂኖል ከሥሩ ቀስ ብሎ ነው የሚሟሟው። አንዳንዴ የወተት ጥርሱ ጊዜው አልፎም ቆሞ ይቀራል። ያኔ በእጃችሁ ነቅላችሁ ለቋሚው መንገዱን ክፈቱለት።